የሚጢ ረቡዕና ቅዳሜ

ሰኞ፣ የካቲት 3

አባዬ ማገገሚያ ሆስፒታሉ ከገባ ዛሬ አሥራ ሦስት ቀኑ ነው። ግራ እጁ እስካሁን አልታዘዝ ብሎታል። አንደበቱ ግን ተፈትቷል፤ ተፈትቶም የመጀመሪያ ሥራው እኔን ማብሸቅ ሆኗል። ከቢሮ እየሮጥኩ ደርሼ፣ ትራሱን አስተካክዬ፣ ካልሲውን ቀይሬለት ገና ወንበር ስስብ፣ "ሚጢስ?" አለኝ።

ሚጢ ታናሽ እህቴ ነች። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷታል፣ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ርቃ የራሷን ፀጉር ቤት ታስተዳድራለች፤ ለእሱ ግን ዛሬም ሚጢ ነች። እኔን የሚጠራኝ በስሜ ነው።

"ረቡዕ ትመጣለች" አልኩት። ፊቱ በራ። እኔ በሳምንት አምስት ስድስት ቀን ነው የምመጣው። እኔን ሲያይ ፊቱ አይበራም አልልም። ግን እንዲህ አይበራም።

ስወጣ ዋናዋ ነርስ ያዘችኝና ስለ በሩ ግርግር አማረረችልኝ። ለአንድ ታካሚ በቀን ሁለት ጠያቂ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ሰዉ ግን ዝም ብሎ ይመጣና ይጋፋል፣ ዘበኛው በየቀኑ ይሰደባል። ድረ ገጽ ሠሪ መሆኔን ታውቃለች። ጠያቂዎች ቀናቸውን በስልካቸው አስቀድመው የሚመርጡበት ቅጽ እሠራላችኋለሁ አልኳት። አለቃዬም በቢሮ ሰዓት እንድሠራው ፈቀደልኝ። ደስ ብሎኛል። ቢያንስ አባዬ "ይሄን የሠራችው ልጄ ናት" ይል ይሆናል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሳቁን የሰማሁት ከኮሪደሩ ነው። ሚጢ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የግራ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፈች የደንበኞቿን ጉድ ታወራለታለች። ከጎኑ የተኙት ልብስ ሰፊ ሽማግሌ እንኳን እንባቸው እስኪመጣ ስቀዋል። እኔ ስገባ ሳቁ ቆመ። "እትዬ፣ ነይ እዚህ" ብላ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ወሬው ደረቀ። መድኃኒቱን ወስዶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

ልጆች ሳለን ሬዲዮ ሲጠግን አጠገቡ የምውለው እኔ ነበርኩ። ብሎኖቹን በጠርሙስ ክዳን የምሰበስብለት፣ ባትሪውን የምይዝለት እኔ። እሷ ከውጭ አቧራ ለብሳ ትመጣና አንድ ነገር ብላው ትሮጣለች፤ እሱ ሥራውን ትቶ ይስቃል። አሁንም ያው ነው። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ይሄን መጻፌ ራሱ ያሳፍራል።

አርብ፣ የካቲት 7

ቅጹ አለቀ ማለት ይቻላል። የአልጋ ቁጥር፣ የጠያቂ ስም፣ ከዚያ ከሰኞ እስከ እሑድ ሰባት ሳጥኖች። ጠያቂው በሚመጣበት ቀን ላይ ምልክት ያደርግና "ላክ" የሚለውን ይጫናል።

ትናንት ግማሽ ቀን የፈጀብኝ የሳጥኖቹ ስም ነው። ሰባቱም አንድ ስም ነው ያላቸው፤ በስሙ መጨረሻ ላይ ሁለቷን ቅንፍ ካላስገባሁ ቅጹን የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ከተመረጡት ውስጥ የመጨረሻውን ብቻ ይዞ ሌላውን ይጥለዋል። ሰኞን፣ ሐሙስንና አርብን መርጬ ስልከው የሚደርሰው አርብ ብቻ ነበር። ቅንፏ ስትገባ ሁሉም በዝርዝር መጣ።

ሌላም አለ። ምልክት ያልተደረገበት ሳጥን ጭራሽ አይላክም። "አይ" አይልም፤ ዝም ነው የሚለው። አንድ ሰው ባለፈው የመረጠውን ረቡዕ ዛሬ ቢያነሳው ሰርቨሩ ስለ ረቡዕ ምንም አይሰማም፤ የድሮው ምልክት እንደተቀመጠ ይቀራል። ስለዚህ ሰው በላከ ቁጥር መጀመሪያ የድሮውን እንዲያጠፋ፣ ከዚያ አዲሱን እንዲጽፍ አደረግሁት። በራሴ ስም አሥር ጊዜ ሞከርኩት፤ እየቀያየርኩ፣ እየሰረዝኩ። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ከነገ ጀምሮ ሥራ ላይ ይውላል፤ ጠያቂ ሁሉ በየእሑዱ ለሚቀጥለው ሳምንት ይሞላል። ነርሷ በየጠዋቱ ዝርዝሩን አትማ ለዘበኛው ትሰጠዋለች፤ ስሙ የሌለ አይገባም። ለሚጢ አሞላሉን በስልክ አስረዳኋት። ከሰዓት እንደሞላች ነገረችኝ፤ ረቡዕና ቅዳሜን። የፀጉር ቤቷን ረቡዕ ትዘጋለች፣ ቅዳሜ ደግሞ ለረዳቷ ትተዋለች። እኔ የራሴን ማታ ሞላሁ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ አርብ፣ እሑድ። አባዬ አንድም ባዶ ቀን የለውም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

በጥድፊያ። ሚጢ ደወለች፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ዘበኛው ስምሽ የለም ብሎ መለሳት። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ። "ላክ" የሚለውን ሳትጫኚው ቀርተሽ ነው አልኳት። "ይሆናል እትዬ" አለች። እንዲህ ነች፤ የጀመረችውን አትጨርስም። ታካሚዎቹ ክፍል ውስጥ ስልክ ክልክል ነው፤ እና በር ድረስ መጥቼ እንደነበር ንገሪልኝ አለችኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

"ትናንት ሚጢ ቀረች" አለኝ፣ ገና በሩን ሳልዘጋ። ሌላ ቀን ትመጣለች አልኩት። መጥታ መመለሷን ልነግረው ነበር። ከዚያ እራቱ መጣ፣ ሾርባውን ማብረድ ነበረብኝ፣ ረሳሁት።

አልረሳሁም። ግን ቢነግሩትስ ምን ይፈይድለታል? መናደድ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ቅዳሜም መልሰዋታል። ይሄን የነገረችኝ ዛሬ ነው፤ ያውም እኔ ስደውልላት። "እትዬ፣ በደንብ ነው የሞላሁት። ተመዝግቧል የሚለውን በዓይኔ አይቻለሁ። ዘበኛውን አንቺ ብታናግሪልኝስ?" አለችኝ። ደንቡን ያመጣሁት እኔ፣ ለእህቴ ብዬ የምሽረው እኔ፣ ሰው ምን ይላል አልኳት። እውነቴን ነው።  "እሺ፣ ለዚህ ሳምንትም ትናንት ሞልቻለሁ" አለች።

እኔን ዘበኛው ዝርዝር አያይብኝም። "የዝርዝሩ ባለቤት መጣች" ብሎ በሩን ይከፍታል።

አባዬ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮ የምንጠግንበትን ዘመን አነሳ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ሳቀም። ያሳቅሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

"ተመዝግቧል የሚለውን አይቻለሁ" ያለችው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጠዋት ኮዱን ከፈትኩት። አንድ መስመር ነው። "የድሮውን አጥፋ" ያልኩት በአልጋ ቁጥር ብቻ ነው፤ የጠያቂውን ስም አላስገባሁም። ስለዚህ ለአንድ አልጋ ሁለተኛ ሰው ሲሞላ የመጀመሪያው ሰው ቀኖች ተጠራርገው ይጠፋሉ። እሷ እሑድ ከሰዓት ትሞላለች፤ እኔ ማታ ስሞላ የእሷን እደመስሳለሁ።

ስሞክረው ለአባዬ አልጋ ያስገባሁት አንድ ጠያቂ ብቻ ነበር፤ እኔን። ሌላ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ማስተካከሉ የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው። ዛሬ ግን አለቃዬ የሌላ ደንበኛ ሥራ ይዞ ጭንቅላቴ ላይ ቆሟል። ነገ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ጊዜ አላገኘሁም።

አርብ፣ የካቲት 21

ሰው እየተጠቀመበት ያለን ነገር ሳምንቱ መሃል መነካካት አደጋ አለው። ይሄን ማንኛውም ባለሙያ ያውቀዋል። እሑድ አስተካክለዋለሁ።

አባዬ ኩባያውን በግራ እጁ ያዘ! ሁለት እስክቆጥር ነው፣ ግን ያዘ። "አየሽልኝ?" አለኝ። ያየው እኔን ነው። ሌላ የሚያየው ሰው አልነበረም። መኪናዬን እስከ ቤት ድረስ እያለቀስኩ ነው የነዳሁት።

ስወጣ ሁለት ነርሶች ሲያወሩ ሰማሁ። "ይቺ እንኳን ብርቱ ናት፣ አባቷን አትለይም" አለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ "ያቺ ሳቂታዋ ግን ጠፋች" አለች። እርምጃዬን ቀነስኩ፤ የመጀመሪያዋ እንድትደግመው ፈልጌ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 23

አላስተካከልኩም። ቀኖቼን ሞላሁ። መጀመሪያ ዝርዝሩን ከፍቼ የሚጢን ስም አየሁት። ረቡዕ፣ ቅዳሜ። ከዚያ የራሴን ላክሁ። እስከ ማታ የቆየሁት ሥራ ስለበዛብኝ ነው።

ክፉ ሰው አይደለሁም። በልጅነታችን አልጋ ተጋርተናል፣ ጫማ ተጋርተናል። እሱን ግን ተጋርተን አናውቅም፤ ሁልጊዜ የእሷ ነበር። ለጥቂት ሳምንት ብቻዬን ባገኘው ማንን ጎዳሁ?

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ልብስ ሰፊው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ልምምድ አልሠራም ካሉ ሳምንት ሆናቸው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ትልቁ ይመጣል፤ ትንሹ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ነርሷን ጠየቅኋት። "በር ላይ መጥቶ ሞልቻለሁ እያለ ይጨቃጨቃል። ሰው እኮ ሳይሞላ ሞልቻለሁ ማለት ይወዳል" አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። የትልቁ ልጅ አሞላል የእሱን እንደሚያጠፋው እያወቅሁ ነቀነቅሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

የአባዬን ጺም ላጨሁት። ድሮ ሚጢ ነበረች የምትላጨው። አገጩ ላይ ቆረጥኩት። "ምንም አይደል" አለኝ፣ ቆጣ እንኳን ሳይል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጥጡን ይዤ ሳለ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ፣ "የሷ እጅ ቀላል ነው" አለ። በቃ፣ ይቺን ብቻ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ ስታኝከኝ ዋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዓይኑ አላያትም፤ አሁንም ከእኔና ከእሱ መሃል አልወጣችም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሐኪሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትወጣለህ አለው። ብቻውን መኖር አይችልም። ወይ እኔ ጋ ነው፣ ወይ ሚጢ ጋ። ሚጢ ገና ሆስፒታል ሲገባ ነው የፀጉር ቤቷን ጀርባ ክፍል ቀለም ያስቀባችለት። እኔ ደግሞ ለእሱ ብዬ የሥራ ክፍሌን ባዶ አድርጌያለሁ።

ሐኪሙ ከወጣ በኋላ ማን ጋ መሆን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። እንዲህ ነው ያለኝ፣ ቃል በቃል፦ "አንቺ ጋ ነው እንጂ። የጠየቀኝ ሌላ ማን አለ?"

ይሄን ቃል ስንት ዓመት ነው የጠበቅሁት! እጁን ያዝኩት። እሱ ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር።  "ሚጢን ምን በድያት ይሆን?" አለ። እኔን መጠየቁ አልነበረም። ራሱን ነው የጠየቀው።

"ሥራ ይዟት ነው" አልኩት። ከአፌ የወጣው ይሄ ነው። ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር፤ የአንድ ደቂቃ ነገር ነበር። አባቴ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አልጋ ላይ ተኝቶ ልጁን የበደለበትን ቀን እየፈለገ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ቀን እንደሌለ እያወቅሁ ትራሱን አስተካከልኩለትና ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ከሰዓት በኋላ የታጠበ ፒጃማ ላደርስለት ሄድኩ። ቅዳሜ የምሄድበት ቀን አልነበረም። ዘበኛው በሩን ከፈተልኝና፣ "እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለኝ።

"ያቺ ረቡዕና ቅዳሜ የምትመጣው ልጅ እህትሽ ናት እንዴ? ዛሬ ገና ነው የነገረችኝ። ስሟ አይገኝም። እንደ ሌላው አትሰድበኝም፣ አትጨቃጨቅም። ከመንገዱ ማዶ ትቆምና ያንን የሁለተኛ ፎቅ መስኮት ስታይ ስታይ ቆይታ የአውቶቡሷ ሰዓት ሲደርስ ትሄዳለች። እኔ የታዘዝኩትን ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።"

መቼ ነው የሄደችው አልኩት። አሁን አለኝ። ወደ መንገዱ ወጣሁ። ማንም የለም። ቆማበታለች ያለው ቦታ ላይ ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። ከዚያ የሚታየው የመጋረጃው ጫፍ ብቻ ነው። አባዬ ይታያል ብላ ነው አራት ሳምንት የቆመችው።

ፒጃማውን ለዘበኛው ሰጥቼ ተመለስኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 7

አስተካከልኩት። የአልጋው ቁጥር እና የጠያቂው ስም። ሦስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ሁለት ሰው፣ ሦስት ሰው፣ አራት ሰው እያስገባሁ ሞከርኩት፤ ማንም ማንንም አላጠፋም።

ከዚያ የሚጢ ስም እስኪመጣ ጠበቅሁ። ስምንት ሰዓት። አሥር ሰዓት። ማታ። ዝርዝሩን በየአሥር ደቂቃው እከፍታለሁ። ሰው ሁሉ ይሞላል፤ እሷ የለችም። ከእንግዲህ አልመጣም ማለቷ ነው? ረስታ ነው? ወይስ ብሞላ ባልሞላ ያው ነው ብላ ተወችው? ከሰርቨሩ ላይ ይሄን ማወቅ አይቻልም። መደወል ነው ያለብኝ። ስልኩን አምስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ደወልኩላት። ከነመስመሩ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳላውቅ እንደነበር፣ ከየካቲት 18 ጀምሮ ግን እያወቅሁ እንደነበር። መምጣቷንም ለአባዬ አንድም ቀን እንዳልነገርኩት። የፀጉር ማድረቂያው ጩኸት ከኋላዋ ይሰማ ነበር፤ ቆመ። 

"አባዬ ያውቃል?" አለች። አያውቅም አልኳት።

"እና ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለእሱ ንገሪው" ብላ ዘጋችው። እትዬ አላለችኝም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

በአንድ ቀን ሦስት ሰው ፊት አንገቴን ደፋሁ። ነርሷ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ዳግም ቀና ብላ አላየችኝም፤ የልብስ ሰፊውን ትንሽ ልጅ ስልክ ፈልጋ ሰጠችኝና "አንቺው ደውዪለት" አለች። ደወልኩ። ሰደበኝ፤ የሚገባኝን ነው። አለቃዬ ቅጹን ለሌላ ባልደረባ አስተላልፏል።

ለአባዬ የነገርኩት አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ የታመመ እጁን በሁለት እጄ ይዤ ነው። አልጮኸም። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ግራ እጁን ከእጄ ውስጥ ሳበው። ቀስ ብሎ፣ በራሱ ጉልበት፣ እስከ ደረቱ ድረስ። እስከዛሬ እንዲህ አንቀሳቅሶት አያውቅም። ሐኪሙ ቢያየው ደስ ይለው ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ሚጢ ገባች። ስሟን ነርሷ በእጇ ጽፋላት ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ሳቅ ጠብቄ ነበር፤ አባዬ ነው ያለቀሰው። ድምፅ አውጥቶ። በሩ ትንሽ ክፍት ነበርና ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አድርጋ አየኋት።

ለእኔ እንዲህ አልቅሶ አያውቅም ብዬ አሰብኩ። እዚያ ቆሜ፣ ያንን ሁሉ አድርጌ፣ አሁንም እቀናለሁ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ወጣ። የሄደው ሚጢ ጋ ነው። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሻንጣውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱን በየሰዓቱ ለያይቼ፣ ላዩ ላይ ጽፌ። ልብስ ሰፊውን ከትንሹ ልጃቸው ጋር በኮሪደሩ ሲራመዱ አገኘኋቸው። ሰላም አልኳቸው። መለሱልኝ፤ ልጁ አልመለሰም።

መኪናው ውስጥ ሲገባ አባዬ "ደህና ሁኚ" አለኝ። ሚጢ በሩን ዘጋችው። የሥራ ክፍሌ አሁንም ባዶ ነው፤ ጠረጴዛዬን መልሼ ማስገባት አልሆነልኝም።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ሚጢ ደወለች። ድምጿ ቆጣ ያለ ነው። "እትዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው? ሰውየውን አልቻልኩትም" አለች።

ምን ሆነ ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ምንም አልሆነም። ከገባ ጀምሮ ጠዋት ማታ የሚጠይቃት ስለ እኔ ነው። እራት ትበላለች ወይ፣ እንቅልፍ ታገኛለች ወይ፣ ሥራ ቦታ ምን አሏት፣ መኪናዋን በጨለማ ትነዳለች ወይ። ተቀይሞኝ የለም እንዴ አልኳት።

"ተቀይሟል። እኔም ገና አልበረደልኝም። ግን አዲስ ነገር መሰለሽ? ሆስፒታል እያለም፣ ሦስት ሰዓት መንገድ መጥቼ ገና ሳልቀመጥ 'ታላቅሽስ?' ነበር የሚለኝ። በየቀኑ የምታይህን ሰው ምን አድርጊ ነው የምትለኝ እለው ነበር። ያበሽቀኝ ነበር። ስለዚህ አልነገርኩሽም።"

  ከዚያ፣ "እንቺ፣ ራሱን አናግሪው" አለችኝ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰማሁ። ሲተነፍስ ሰማሁ።

"የት ነሽ?" አለኝ።